ልጅ ጨዋነትን የሚለማመደው በእቃቃ ነው

(ደሴ ውስጥ በአንድ መዋዕለ ህፃናት የወላጆች ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር፣ ብዙም ሳይነካካ የተፃፈ)

እንዴት ዋላችሁ ወገኖቼ! አሰላሙ ዓለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! ደህና ናችሁ? ቤተሰብ ደህና ነው? አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እዛ በር ላይ የቆማችሁ አባቶች ግቡ እንጂ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ እናቶች እስኪ ትንሽ ጠጋ ጠጋ በሉላቸው። ልጅ ያዘላችሁም ልጁ ቢያለቅስ አትሳቀቁ፣ አትውጡ፣ እዚሁ ሆናችሁ አባብሉት፣ የመጣነው በነሱ ጉዳይ ነው። ከሰኞ ገበያ፣ ከሮቢት፣ ከቧንቧ ውሃ፣ ከሙጋድ ይሄን ብርድ ችላችሁ ስራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እቃቃ ነው። አዎ እቃቃ! ልጆቻችን በቆርኪ ቡና የሚቀዱበት፣ አፈሩን ስኳር ብለው የሚሸጡበት፣ ነጠላችሁን አጣፍተው አክስት የሚሆኑበት ጨዋታ። ብዙዎቻችሁ መስከረም ላይ ልጃችሁን ስታስመዘግቡ የምትሉኝ አንድ ነገር ነው፣ "ፊደሉ ይደርሳል፣ ብቻ ልጄን ጨዋ አድርጊልኝ" ነው የምትሉኝ። እኔም ደስ ይለኛል፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴ ግን ይሄ ነው፣ ለትንሽ ልጅ ጨዋነት በምክር አይገባውም፣ በቁጣም አይገባውም፣ የሚገባው እናት ሆኖ፣ አያት ሆኖ፣ እንግዳ ሆኖ ሲጫወተው ነው። ሶስት ነገር እላችኋለሁ፣ አንደኛ ቁጣው ለምን እንደማይሰራ፣ ሁለተኛ ጨዋታው እንዴት እንደሚሰራ፣ ሶስተኛ ደሞ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ምን እንደምታደርጉ።

እሺ አንደኛው። እንግዳ ቤት መጣ እንበል። እናንተ ብድግ ትላላችሁ፣ "ኖር" ትላላችሁ፣ እንግዳው "በእግዜር" ይላል፣ ትሳሳማላችሁ፣ መቀመጫ ትለቃላችሁ። የአራት አመቱ ልጅ ግን ሶፋው ጀርባ ገብቷል። ከዛ ምንድነው የሚከተለው? "ና ሰላም በል! ሰላም በል እንጂ! ውይ ዛሬ ምን ነካው፣ እንዲህ አልነበረም'ኮ!" እጁ ይጎተታል፣ ልጁ ፊቱን ቀሚሳችሁ ውስጥ ይቀብራል፣ እንግዳውም "ተዪው ተዪው፣ አፍሮ ነው" ይላል፣ እናንተ ደሞ እንግዳው ሲሄድ "አዋረድከኝ!" ትሉታላችሁ። ይሄ የማን ቤት ነው ያልተደረገው? እስኪ እጅ አውጡ። አያችሁ? ማንም የለም።

አሁን ደሞ በልጁ በኩል ሆነን እንየው። የማያውቀው ትልቅ ሰው ከላዩ ጎንበስ ብሎበታል። የትኛውን ጉንጭ ነው የሚያስቀድመው? ስንት ጊዜ ነው የሚሳመው? አንተ ይበል አንቱ ይበል? እጅ ነው የሚጨብጠው ጉልበት ነው የሚስመው? አያውቅም። ማን አሳየው? ተረጋግቶ፣ ሰው በሌለበት፣ ቢሳሳት ማንም በማይስቅበት ሰዓት ማን አሳየው? እኛ ሳናለማምደው ነው ሰው ፊት የምንፈትነው፣ ሲወድቅ ደሞ እንቆጣዋለን።

ማሪያ ሞንተሶሪ የምትባል ጣሊያናዊት ሀኪም ነበረች፣ በፈረንጆቹ 1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሃ ሰፈር የህፃናት ቤት የከፈተች። ይቺ ሴት አንድ ቀን ለልጆቹ ንፍጥ እንዴት እንደሚጠረግ አሳየቻቸው። በቃ ይሄው ነው ትምህርቱ! መሃረብ አወጣች፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ሰው ሳያያት ቀስ ብላ እንዴት እንደሚደረግ አሳየች። ስትጨርስ ልጆቹ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? አጨበጨቡላት! ቲያትር ያዩ ይመስል አጨበጨቡላት። በኋላ ስታስበው ገባት፣ እነዚህ ልጆች በንፍጣቸው ሲሰደቡ ነው የኖሩት፣ "ተናፈጥ!" ሲባሉ ነው የኖሩት፣ ሳትሰድብ ሳታዋርድ ያሳየቻቸው ግን እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ይሄን ያነበብኩ ቀን የኛ ልጆች ናቸው ፊቴ የመጡት። እኛም ቤት ስድቡ አለ፣ ማሳየቱ ነው የጎደለው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ነው።

ልጅ ወደ ሁለት አመቱ ሲጠጋ ባዶ ስኒ አንስቶ "ፉት" ሲል አይታችሁታል አይደል? እሱ ነው መጀመሪያው። ከዛ ከሶስት እስከ ስድስት አመት ባለው ጊዜ በደንብ ይደምቃል፣ ቤት ይሰራል፣ ይዳራል፣ ይወልዳል፣ ይነግዳል፣ ባጃጅ ይነዳል። ቪጎትስኪ የሚባል የራሺያ የስነ ልቦና ሊቅ ነበር፣ በ1896 ተወልዶ በ1934 ገና በ37 አመቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተ። እሱ ምን ይላል መሰላችሁ፣ ልጅ ሲጫወት ከራሱ በአንድ ራስ ይረዝማል ይላል። ቁመቱን አይደለም'ኮ የሚለው! በሌላው ሰዓት የማይችለውን ነገር ሲጫወት ይችለዋል ማለቱ ነው። ሁለት እህትማማቾችንም ያነሳል፣ አንድ ቀን "ነይ እህትማማች እንጫወት" ይባባላሉ። እህትማማች ሆነው እህትማማች ይጫወታሉ! ሌላ ቀን ሲጣሉ ሲኳረፉ የሚውሉት ልጆች፣ እህት ለእህቷ እንዴት ነው የምትሆነው ብለው አስበው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፣ አንድ አይነት ለመልበስ ይሞክራሉ። አያችሁ ነገሩን? ዝም ብለው ሲኖሩ ያላስተዋሉትን የእህትነት ወግ ሲጫወቱት አስተዋሉት።

ከሱ በኋላ ደሞ እዛው ራሺያ ማኑይሌንኮ የምትባል ተመራማሪ ልጆችን ፀጥ ብላችሁ ቁሙ ብላ ሞከረቻቸው። ዝም ብሎ "ቁም" የተባለው ልጅ ወዲያው ነው የሚቁነጠነጠው። "አንተ ዘበኛ ነህ፣ ግቢውን እየጠበቅክ ነው" የተባለው ግን በጣም ቆየ። ያው ልጅ ነው፣ ያው እግር ነው! እስኪ እናንተም ቤት ሞክሩት፣ "አርፈህ ተቀመጥ" የሚለውን ትታችሁ "አንተ የባጃጅ ተሳፋሪ ነህ፣ ፒያሳ እስክንደርስ እንዳትነሳ" በሉትና እዩት።

አሁን የራሴን ክፍል ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ሰላምታ የሚባል ነገር አይነካካውም። ጠዋት እናቱ በር ላይ "ቲቸርን ሰላም በላት" ስትለው አንገቱን ይደፋል። እኔም አላስገደድኩትም። ክፍላችን ጥግ ላይ የእቃቃ ቦታ አለን፣ ሰፌድ አለ፣ አፏ የተሸረፈ ጀበና አለች፣ የጨርቅ አሻንጉሊት አለ፣ አሮጌ ጋቢና ከዘራ አለ። አንድ ቀን ልጆቹ ዘመድ ጥየቃ እየተጫወቱ አያት የሚሆን ጠፋ፣ ሁሉም ሹፌር መሆን ነው የሚፈልገው። ይሄን ዝምተኛ ልጅ ጋቢውን አለበስኩትና "አባባ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ፣ ልጆቹ ሊጠይቁዎት እየመጡ ነው" አልኩት። ተቀመጠ። ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አገጩን ከዘራው ላይ አሳርፎ፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው! ልጆቹ መጡ፣ "ደህና ዋሉ አባባ" እያሉ ጉልበቱን ሳሙት። መረቀ! "እደጉ፣ ተመንደጉ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ" አለ፣ ልጆቹም "አሚን" አሉ። ከየት አመጣው? ከአያቱ ነዋ፣ ሲሰማው ነው የኖረው። ከዛ አንዱ ልጅ ኳስ ይዞ በፊቱ እየሮጠ አለፈ። የኔ ዝምተኛ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አንተ ልጅ! እኔን አላየኸኝም እንዴ? ዝም ብለኸኝ ነው የምታልፈው?" ከልቡ ነበር፣ አኩርፎ ነበር።

እዛች ጋ ነው ነገሩ ያለው ወገኖቼ። ሰላም አለመባል ምን እንደሚያሳዝን በራሱ አየው። እኔ ወሩን ሙሉ ብመክረው እዛች ቦታ አላደርሰውም። ሰንበትበት ሲል እናቱ መጥታ ነገረችኝ፣ የእውነት አያቱ ከኩታበር ሲመጡ ማንም ሳይለው ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ለእኔም ጠዋት ጠዋት አንገቱን እንደደፋ "ደህና አደርሽ" ማለት ጀመረ፣ አንገቱን መድፋቱ አልቀረም፣ ይሁን፣ አይናፋርነት ነውር አይደለም።

ሌላ ልንገራችሁ፣ ይሄኛው የወሎ ልጅ ስለሆንን የበለጠ የሚገባን ነው። ሰርግ ሰርግ ሲጫወቱ አንዲት ሚጢጢ ልጅ አስተናጋጅ ሆናለች። ቅጠሉን ቆራርጣ ወጥ ሰርታለች፣ እንግዳ እየገባ ነው። ሁለት ክዳን አወጣች፣ ቅጠሉን ለየብቻ አደረገችና እየዞረች "ይሄ የእስላም ነው፣ ያ የክርስቲያን ነው፣ እርስዎ የትኛው ነዎት?" እያለች ትጠይቃለች። ማን አስተማራት? ማንም! ሰርግ ቤት አይታ ነው። እኛ አገር እኮ የሚደግስ ሰው ለሌላው ሃይማኖት ወዳጁ ለብቻ አሳርዶ፣ በሌላ ድስት አሰርቶ ነው የሚጠራው። ይሄ ትልቅ ጨዋነት ነው፣ እንግዳዬ ተሳቆ እንዳይበላ ብሎ አስቀድሞ ማሰብ ነው። ልጅቷ ይሄን በአምስት አመቷ በሁለት ክዳን ስትጫወተው አየኋት፣ በእውነት ነው የምላችሁ እንባዬ መጣ። በ2017 ረመዳንና አብይ ፆም ባንድ ሰሞን ሲገጥሙ ደሞ "እንግዳው ፆመኛ ነው" የሚባል ጨዋታ አመጡ። ቡና ከመቅዳታቸው በፊት "ፆም ነዎት እንዴ?" ብለው ይጠይቃሉ፣ "አዎ ልጄ" ካላችኋቸው "እንግዲያው መግሪብ ድረስ ይቆዩ፣ ያፈጥራሉ" ይላሉ። ምን ትሉታላችሁ ይሄን? ይሄን የትኛው መፅሐፍ ነው የሚያስተምረው?

አንድ ከባድ ነገርም ላንሳ። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ፣ ብዙዎቻችን ልጅ አዝለን ወጥተን፣ ኋላ ስንመለስ ልጆቹ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፣ ተኩስ። ያገኙት እንጨት ሁሉ ክላሽ ነው፣ አንዱ ይተኩሳል ሌላው ይወድቃል። አንዳንድ ወላጆች "ከልክያቸው፣ ባለጌ ሆኑ'ኮ" አሉኝ። እኔ አልከለከልኩም። ልጅ የፈራውን ነገር የሚያወጣው በጨዋታ ነው፣ ቢከለከል ሆዱ ውስጥ ነው የሚቀረው። ግን ጨዋታው ውስጥ ገባሁ። መሬት ቁጭ አልኩና "እኔ እግሬን ተመትቻለሁ፣ የሚያነሳኝ የለም?" አልኩ። ፀጥ አሉ። ተያዩ። ከዛ አንዷ ሻርፗን ፈታ እግሬን ማሰር ጀመረች፣ አንዱ ጎኔ ቁጢጥ ብሎ "አብሽሪ፣ አብሽሪ" አለኝ፣ ሌላው "ውሃ አምጡላት!" ብሎ ጮኸ። ከዛ ቀን በኋላ ተኩሱ ባንዴ አልቀረም፣ ግን ጨዋታው ውስጥ ሀኪም ገባ፣ አምቡላንስ ገባ፣ ስደተኛ የሚቀበሉ ሰዎች ገቡ፣ "ግቡ ግቡ፣ እራት በልታችኋል?" የሚሉ። አብሽሪ የምትለዋን ቃል ልጁ የት እንደሰማት አላውቅም፣ መንገድ ላይ የሆነ ሰው ለእናቱ ብሏት ይሆናል። ደግነትንም እንደ ክፋቱ አይተው ይዘውታል።

"ቲቸር፣ ውሸት አያስለምዳቸውም ወይ?" የሚለኝ አለ። አያስለምድም። ልጁ ቆርኪው ስኒ እንዳልሆነ ያውቃል፣ እናንተ የእውነት ልትጠጡት ብትሞክሩ ይስቅባችኋል። ውሸት ሰው ማታለል ነው፣ እዚህ ጋ የተታለለ የለም። ይሄ አያሳስባችሁ።

ሶስተኛው፣ ቤት ውስጥ። ስሙኝማ እዚህ ጋ።

ልጃችሁ "ቡና ጠጡ" ብሎ ባዶ ክዳን ሲያቀብላችሁ "ሂድ ወዲያ ስራ ላይ ነኝ" አትበሉት። ትንሽ ደቂቃ ትበቃለች። ነጠላችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ በሩን አንኳኩ፣ "ቤቶች!" በሉ፣ ግቡ፣ እንግዳ ሁኑ። አያችሁ፣ እናንተ እንግዳ ስትሆኑ ልጁ ባለቤት ነው፣ ባለቤት ደሞ ያስተናግዳል። ያንን ሶፋ ጀርባ የሚደበቀውን ልጅ በሩን ራሱ ሲከፍት ታዩታላችሁ።

ስታርሙት ደሞ ከጨዋታው ሳትወጡ አርሙት። ይቺን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። ልጅቷ ስኒውን በአንድ እጇ ወርወር አድርጋ ሰጠቻችሁ እንበል። "እንዲህ አይሰጥም! ስንት ጊዜ ልንገርሽ!" ካላችሁ ጨዋታው አለቀ፣ ሞተ፣ ልጅቷም ሄደች። ግን እንግዳ እንደሆናችሁ "ውይ እታለም! ፈሰሰብኝ'ኮ፣ አቃጠለኝ! እስኪ በሁለት እጅሽ አድርገሽ ስጪኝ" በሏት። ትሮጣለች፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ አይኗን ስኒው ላይ ተክላ፣ ባዶውን ክዳን እንዳይፈስባት ቀስ እያለች ትመጣለች። በሁለት እጅ መስጠት ገባት። ለምን እንደሚሰጥም ገባት! ከዛ ጠጥታችሁ መርቋት። "እጅሽ ይባረክ፣ ቡናሽ አይጥፋ" በሏት። አሚን ማለት ትለምዳለች። ሁለተኛውን ቶናውን ትቀዳለች፣ ሶስተኛውን ደሞ "በረካ ሳይጠጡ አይሄዱም" ትላችኋለች፣ እናንተው ስትሉት ሰምታለችና።

እጅ ማስታጠብም እንደዚሁ ነው። ኩስኩስቱን ውሃ ሳይኖረው ስጡት፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣሉለት፣ ከትልቅ ጀምሮ እንዲዞር አድርጉ። አሻንጉሊቶቹን አሰልፉለትና "አያትየው የትኛዋ ናት? ከሷ ጀምር" በሉት። ሲያነጥስ ይማርህ፣ ይማርህ ሲባል ያኑርህ፣ ሲበላ ሰው ከመጣ እንብላ፣ ታክሲ ውስጥ ትልቅ ሰው ሲገባ መነሳት፣ ይሄ ሁሉ በእቃቃ ያልቃል። ወንበር ደርድሩ፣ ታክሲ ነው፣ አንዱ ሹፌር አንዱ ረዳት፣ እናንተ ዘንቢል የያዛችሁ አሮጊት ሁናችሁ ግቡ፣ ወገባችሁን ያዙ፣ "እህህ" በሉ። ማን እንደሚነሳ ጠብቁ። ማንም ካልተነሳ አትቆጡ፣ ቆማችሁ ሂዱ፣ "ልጆቼ እግሬ ደከመ" በሉ። ከዛ ቦታ ቀይሩ፣ አሮጊቷ እሱ ይሁን።

ቦታ መቀያየሩን አትርሱ። ሁሌ ልጁ ብቻ ትንሽ ሆኖ የሚጫወት ከሆነ ያው ትዕዛዝ ነው። እሱ አባት ይሁን፣ እናንተ የማይታዘዝ ልጅ ሁኑ። ያኔ ግን ተዘጋጁ፣ ምክንያቱም ራሳችሁን ነው የምትሰሙት። ባለፈው አንዱ ልጅ አባት ሆኖ ገባ፣ ቁጭ አለ፣ ካርቶን ቁራጭ እንደ ሞባይል ይዞ በአውራ ጣቱ እየነካካ፣ ልጅ የሆነችው "አባ፣ አባ" ስትለው ሳያያት "እሺ እሺ በኋላ" ይላታል። ደጋግማ ጠራችው፣ ቀና አላለም። ሌላዋ እናት ሆና ሰራተኛዋን ስትጠራት የነበረውን ቃል እዚህ አልደግመውም፣ እናቶች ስላላችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ለምኛችኋለሁ፣ ልጁ እንዲህ ሲጫወት ብታዩት አትምቱት፣ አታሳፍሩት። ያየውን ነው የሰራው። ቤት ውስጥ "እባክሽ" እና "ይቅርታ" እና "አመሰግናለሁ" ለሰራተኛዋም ለዘበኛውም ለልጁም ካልተባለ እቃቃ ላይ ከየት ይመጣል? አይመጣም።

አባቶችን ደሞ ለብቻ ላንሳ፣ እቃቃ የሴት ጨዋታ ነው ብላችሁ ወንድ ልጃችሁን "ተነስ ከዚህ" የምትሉ አላችሁ። አትበሉ። ማስተናገድ፣ ማስታጠብ፣ ማፅናናት ለወንድ ልጅ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ሼሆቹም ቄሶቹም ቤታቸው እንግዳ ሲገባ ራሳቸው ተነስተው አይደል የሚቀበሉት? ገጠር ያደጋችሁ የጭቃ በሬ ሰርታችሁ፣ ጠምዳችሁ፣ አርሳችሁ፣ "ምሳ ደረሰ" ተባብላችሁ ነው ያደጋችሁት። ይሄው እሱ ነው'ኮ!

እቃ ግዙ አላልኳችሁም፣ ልብ በሉልኝ። ቆርኪ፣ ክዳን፣ የተሰበረ ሰፌድ፣ የድሮ ሻርፕ ይበቃል፣ የሚዋጥ ትንንሽ ነገርና የሚቆርጥ ቆርቆሮ ብቻ አንሱላቸው፣ በተለይ ከሶስት አመት በታች ላለ ልጅ። ልጁ "በቃ" ሲል ደሞ በቃ ነው፣ ጨዋታውን ክፍለ ጊዜ አታድርጉበት፣ እንግዳ ፊትም "እስኪ ያን እንደተጫወትከው አሳያቸው" ብላችሁ አታስጨንቁት። እንግዳ ሊመጣ ሲል ግን፣ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ "ዛሬ አክስትህ ከወልድያ ትመጣለች፣ ና እንጫወተው፣ እኔ አክስትህ ነኝ" ብትሉት ሲመጡ በሩን ለመክፈት ይሽቀዳደማል።

ኢትዮጵያ የተቀበለችው የህፃናት መብቶች ስምምነት አለ፣ በፈረንጆቹ 1989 የወጣው፣ አንቀፅ 31 ላይ ልጅ የመጫወት መብት አለው ይላል። የቤት ስራ በዝቶ ልጁ መጫወቻ ሰዓት ሲያጣ እኛንም ጠይቁን፣ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፣ "ፊደል ስንት ቆጠረ" ብቻ ሳይሆን "ዛሬ ምን ተጫወተ፣ ማንን ሆነ" ብላችሁ ጠይቁን። እኛ መልስ ሊኖረን ይገባል።

እኔ ጨርሻለሁ፣ አመሰግናለሁ። ቡናው እስኪወርድ ማይኩን ለእናንተ እለቃለሁ፣ እዛ መሃል ያሉት እማማ ቅድም እጅ አውጥተው ነበር፣ ከሳቸው እንጀምር፣ ከዛ ከኋላ ያሉት አባት።